የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት፦ ቤት ልቀይረው ወይስ ጋራዥ ልውሰደው?

ስለ ሞተር ዘይት ሁሉም ሰው ይስማማል። ጊዜው ሲደርስ ይቀየራል፣ አለቀ። ወሬው ወደ አውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ሲዞር ግን ስምምነቱ ይጠፋል። አንዱ መካኒክ «እስካሁን ካልተነካ አትንካው» ይላል። ሌላው «በማሽን ካልታጠበ ዋጋ የለውም» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ከሥር አፍስሶ በልኩ መሙላት ይበቃል ባይ ነው። የመኪናው መመሪያ መጽሐፍም አንዳንዴ ስለ መቀየር ምንም አይናገርም። ባለመኪናው መሀል ላይ ይቀርና ምንም ሳያደርግ ዓመታት ያልፋሉ።

ጉዳዩ ዛሬ ከበፊቱ ይበልጥ ይመለከተናል። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በእጃችን ያለውን ኮሮላ፣ ያሪስና ቪትዝ አክርሞ መንዳት ግድ ሆኗል። ካምቢዮ አንዴ ከተበላሸ ደግሞ በቀላሉ የሚተው ወጪ አይደለም። ወይ ያገለገለ ፈልጎ መግጠም ነው፣ ወይ ፈቶ ማሠራት ነው። ሁለቱም ለብዙ ቤተሰብ የወራት ገቢ ነው። ስለዚህ የጥቂት ሊትር ዘይት ጉዳይን በቁም ነገር ማየት ያስፈልጋል።

ዘይቱን የሚገድለው ሙቀት ነው። አዲስ አበባ ላይ ሙቀት የሚፈጥር ነገር ሞልቷል። ከመገናኛ እስከ ሲኤምሲ ቆም ሄድ እያሉ መጓዝ፣ ከፒያሳ ወደ ሽሮ ሜዳ ሽቅብ መውጣት፣ ሰው ጭኖ እንጦጦን መቧጠጥ፣ ይህ ሁሉ ካምቢዮውን ያሞቀዋል። «የዕድሜ ልክ ዘይት ነው፣ አይቀየርም» የሚለው አባባልም ልብ ተብሎ መታየት አለበት። ለቢኤምደብሊውና ለሌሎች ብዙ አምራቾች ካምቢዮ የሚሠራው የጀርመኑ ዜድኤፍ ራሱ፣ ዘይቱ ከ80,000 እስከ 120,000 ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ፣ ቢዘገይ በ8 ዓመት እንዲቀየር ይመክራል። ካምቢዮውን የሠራው ይህን ካለ፣ ያገለገለ መኪና ገዝተን ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ የማናውቅ እኛ ዝም የምንልበት ምክንያት የለም።

በምን እንመዝን?

አማራጮቹን ከማየታችን በፊት መመዘኛዎቹን እንያዝ። እኔ የማያቸው አምስት ናቸው።

የመጀመሪያው፣ ከአሮጌው ዘይት ምን ያህሉ ይወጣል የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ ፊልትሮው ይቀየራል ወይስ አይቀየርም? ሦስተኛው፣ ስንሳሳት ምን ይከተላል? አራተኛው፣ ምን ዕቃና ምን ዓይነት ቦታ ይፈልጋል? አምስተኛው ወጪው ነው። ወጪውን በብር አልጽፍም፤ የብሩ ዋጋ በየወሩ ይለዋወጣል። በሊትር ብናስበው ይሻላል፣ ምክንያቱም ትልቁ ወጪ ዘይቱ ራሱ ነው።

ከሁሉም በላይ ቦታ የምሰጠው ለሦስተኛው መመዘኛ ነው። በግማሽ የታደሰ ትክክለኛ ዘይት መኪናውን ዓመታት ያስኬደዋል። ሙሉ በሙሉ የተቀየረ የተሳሳተ ዘይት ግን ካምቢዮውን ሊገድለው ይችላል።

ከዘዴው በፊት ዘይቱ

ብዙ ሰው ስለ ዘዴው ይከራከርና ዘይቱን ከመደርደሪያ ላይ አይቶ ይገዛል። መሆን ያለበት ተገላቢጦሹ ነው። ሱቁ ውስጥ «የካምቢዮ ዘይት ስጠኝ» ማለት አይበቃም። ቀይ ሁሉ አንድ አይደለም።

የቶዮታን ብቻ ብናይ፣ የቆዩት ሞዴሎች ቲ-4 የሚባለውን ይጠቀማሉ፤ በኋላ የመጡት ደብሊውኤስን ነው። ሁለቱ ቀይ ናቸው፣ በውፍረት ግን ይለያያሉ። አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ሆንዳ ዲደብሊው-1 አለው፣ ሃዩንዳይና ኪያ ኤስፒ-3ና ኤስፒ-4 አላቸው። ሲቪቲ የሚባለው የካምቢዮ ዓይነት ሲሆን ደግሞ ጭራሽ ሌላ ዓለም ነው።

እዚህ ላይ የቪትዝ ባለቤቶች ጠንቀቅ በሉ። የመጀመሪያው ትውልድ ቪትዝ በአብዛኛው ባለ 4 ማርሽ የተለመደው አውቶማቲክ ካምቢዮ አለው። ከ1997 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2005) ወዲህ ከመጡት ብዙዎቹ ግን ሲቪቲ ናቸው። ሲቪቲ ጥርስ ባለው ማርሽ ፈንታ በብረት ቀበቶና በሁለት መዘውር ይሠራል። ቀበቶው መዘውሩን ቆንጥጦ የሚይዘው በራሱ ዓይነት ዘይት ነው። ተራውን የካምቢዮ ዘይት ሲቪቲ ውስጥ ከጨመራችሁ ቀበቶው መንሸራተት ይጀምራል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ጥገና አይደለም፣ መቀየር ነው። የጎረቤታችሁ ቪትዝ የወሰደው ዘይት ለእናንተ ቪትዝ ላይሆን ይችላል ማለት ነው።

የእናንተን ለማወቅ መመሪያ መጽሐፉን እዩ። መጽሐፉ ከሌለ የካምቢዮው ዘይት መለኪያ ዘንግ ላይ የዘይቱ ስም ተቀርጾ እንደሆነ ተመልከቱ፤ ብዙ ቶዮታዎች ላይ አለ። እሱም ከሌለ የሻሲ ቁጥሩን ይዞ የሞዴሉን ኮድ የሚያነብ መለዋወጫ ሻጭ ዘንድ መሄድ ነው። ሶማሌ ተራ ሥራውን የሚያውቁ ልጆች አሉ። ፎርጅድ ዘይትም ገበያው ላይ ስላለ ማሸጊያው ያልተነካ ጣሳ ከታመነ ሱቅ ግዙ። ዋጋው ከሌላው ሱቅ በጣም ከወረደ ተዉት።

አማራጭ 1፦ አፍስሶ መሙላት

ከካምቢዮው ሥር ያለውን የማፍሰሻ ቡሎን ፈትቶ የወጣውን ያህል በላይ መመለስ ነው። ለቤት የሚሆነው ዋናው ዘዴ ይህ ነው።

ጉድለቱ ግልጽ ነው፤ ሁሉም ዘይት አይወጣም። ቶርክ ኮንቨርተሩ (ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር በዘይት የሚያገናኘው ክፍል) ውስጥና ማቀዝቀዣው ላይ ያለው እዚያው ይቀራል። የአንድ ትንሽ የቤት መኪና ካምቢዮ በጠቅላላ ከ6 እስከ 8 ሊትር ቢይዝ፣ በአንድ ጊዜ የሚፈሰው 3 ሊትር ገደማ ነው። እንግዲህ 40 በመቶ ያህል ወጣ እንበል። ጥቂት ከነዳችሁ በኋላ ሁለተኛ ብትደግሙት አዲሱ ዘይት 64 በመቶ ይደርሳል። በሦስተኛው 78 በመቶ ይሆናል። በድምሩ 9 ሊትር ገዝታችኋል። ከዚያ በላይ መደጋገም ገንዘብ ማፍሰስ ነው፤ እያንዳንዱ ዙር የሚጨምረው እያነሰ ይሄዳል።

ጥቅሙ ደግሞ ይህ ጉድለት ራሱ ነው። ለውጡ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። በየዙሩ መኪናው እንዴት እንደሚቀይር እያያችሁ ትሄዳላችሁ። ደስ ያላላችሁ ነገር ካለ እዚያው ቆማችሁ መካኒክ ታማክራላችሁ። ሆንዳ ላይ ደግሞ ከዚህ የተሻለ የቤት አማራጭ የለም፤ የብዙዎቹ ሆንዳዎች ካምቢዮ ከሥር የሚከፈት ኮፓ (የዘይት መያዣ ገንዳ) የለውም።

አማራጭ 2፦ ኮፓውን አውርዶ ፊልትሮ መቀየር

እዚህ ከሥር ያለው ኮፓ ሙሉ በሙሉ ይወርዳል፣ ፊልትሮውና ጓርኒሲዮኑ (ዘይት እንዳያፈስ መሀል የሚገባው ማሸጊያ) ይቀየራሉ። የሚወጣው ዘይት ከመጀመሪያው ብዙም አይበልጥም። ግን ሌላ ትልቅ ነገር ታገኛላችሁ፤ የካምቢዮውን ውስጥ ታያላችሁ።

ኮፓው ውስጥ ትንንሽ ማግኔቶች ተቀምጠዋል። ሲወጡ ጠቆር ያለ ግራጫ ቅባት ለብሰው ነው የምታገኟቸው። በጣት ሲታሸት የማይቆረቁር ልስልስ ከሆነ የተለመደ መፋቅ ነው፣ አትደንግጡ። በጨርቅ ጥርግ አድርጎ መመለስ ነው። የብረት ስባሪ፣ የሚወጋ ቅንጣት ወይም የጥርስ ቁራጭ ካለ ግን ውስጥ የሚበላ ነገር አለ። ያን ጊዜ አዲስ ዘይት መፍትሔ አይሆንም።

ሥራው ቤት ይሠራል፣ ግን እጅ ይፈልጋል። የኮፓው ቡሎኖች ትንንሽ ናቸው። የተገጠሙበትም አሉሚኒየም ነው። አጥብቆ የሚያስር ሰው ጥርሱን ይበላዋል ወይም ኮፓውን አጣሞ ከዚያ በኋላ ሲንጠባጠብ ይኖራል። ቡሎኖቹን እያቀያየሩ፣ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው እየተሻገሩ፣ በትንሽ ኃይል ማሰር ነው። የቆዩ አንዳንድ ቶዮታዎች ላይ ፊልትሮው የብረት ወንፊት ስለሆነ ታጥቦ ይመለሳል፤ ለሌላው አዲስ ግዙ። አዲስ ጓርኒሲዮን ሳትይዙ ኮፓውን አትፍቱ።

አማራጭ 3፦ ጋራዥ ውስጥ በማሽን

ማሽኑ በማቀዝቀዣው ቱቦ ላይ ይገጠምና አሮጌው ሲወጣ አዲሱን ያስገባል። በአንድ ጊዜ አብዛኛው ዘይት ይቀየራል። ብዙውን ጊዜ ከካምቢዮው ልክ በላይ፣ ከ10 ሊትር ያላነሰ ይበላል።

በደንብ ከተሠራ ጥሩ ዘዴ ነው። ሥጋቴ ማሽኑ ላይ ሳይሆን አሠራሩ ላይ ነው። ከእናንተ በፊት የታጠበው መኪና ሌላ ዓይነት ዘይት ቢሆንስ? ማሽኑ ውስጥ የቀረው ወደ እናንተ ይገባል። ፊልትሮውን ሳይቀይሩ ያጥባሉ። አንዳንዶቹ ማጠቢያ ኬሚካል ይጨምራሉ፤ ዓመታት የተጣበቀ ቆሻሻ ይነሳና ቀጫጭኖቹ የዘይት መንገዶች ውስጥ ይሰካል። ለዚህ ነው «ታጥቦ ተበላሸ» የሚባለው ወሬ መሠረት የማያጣው። ጋራዥ ከመረጣችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ዘይቱን እኔ ይዤ ልምጣ ወይ? ፊልትሮው አብሮ ይቀየራል ወይ? ኬሚካል ትጨምራላችሁ ወይ? ለመጨረሻው መልሱ «አዎ» ከሆነ ሌላ ጋራዥ ፈልጉ።

ከማቀዝቀዣው ቱቦ ቤት ውስጥ በሞተሩ ኃይል እያስወጡ በላይ የሚሞሉም አሉ። ለብቻ አይሠራም፤ አንዱ ሞተር ሲያጠፋ ሌላው ዘይት ይለካል። ጥቂት ሰከንድ ከዘገያችሁ ፓምፑ ደረቁን ይዞራል። ለጀማሪ አልመክረውም።

አማራጭ 4፦ መተው

ይህም አማራጭ ነው፣ በሐቅ ልየው። ካምቢዮው ከወዲሁ የሚንሸራተት፣ ማርሽ ሲገባ የሚመታ፣ ዘይቱ ጠቁሮ የተቃጠለ የሚሸት ከሆነ መቀየሩ አያድነውም። ውስጥ ያሉት የፍሪሲዮን ዲስኮች ልባስ አልቋል። ዘይቱ ሲቀየር ነገሩ ቶሎ ሊገለጥ ይችላል፣ ጥፋቱ ግን የዘይቱ አይደለም። እንዲህ ዓይነት መኪና መጀመሪያ የሚያስፈልገው ምርመራ ነው። ጤነኛ ለሆነ መኪና ግን መተው ቁጠባ ሳይሆን ዕዳ ማቆየት ነው።

ባጭሩ

| | አፍስሶ መሙላት | ኮፓ ማውረድ | በማሽን | መተው |
|---|---|---|---|---|
| የሚወጣው አሮጌ ዘይት | በዙር 40 በመቶ ገደማ | ትንሽ በለጥ ይላል | አብዛኛው | ምንም |
| ፊልትሮ | አይቀየርም | ይቀየራል | ካልጠየቃችሁ አይቀየርም | አይቀየርም |
| የዘይት መጠን | 3 ሊትር በዙር | ከ3 እስከ 4 ሊትር | 10 ሊትርና በላይ | 0 |
| ቤት ይሠራል? | አዎ | ልምድ ላለው | አይሠራም | – |
| ትልቁ አደጋ | ልኩን መሳት | ቡሎን መበላት፣ መንጠባጠብ | የሌላ መኪና ዘይት፣ ኬሚካል | ቀስ እያለ የሚመጣ ብልሽት |
| ለማን | ታሪኩ ላልታወቀ ጤነኛ መኪና | ብዙ ኪሎ ሜትር ለሄደ | በየጊዜው ለተቀየረለት | መጀመሪያ ምርመራ ለሚፈልግ |

ወሳኙ ጥያቄ፦ መለኪያ ዘንግ አለው ወይ?

ቤት ወይስ ጋራዥ የሚለውን የምወስነው በዚህ ነው። ኮፋኖውን ክፈቱና ፈልጉ። ከሞተሩ ዘይት ሌላ ሁለተኛ መለኪያ ካለ ቤት ለመሥራት አትፍሩ። ልኩን በዓይናችሁ ታያላችሁ፤ ከጎደለ ትጨምራላችሁ።

መለኪያ የሌላቸው አዳዲሶቹ ግን ልካቸው የሚታወቀው በሙቀት ነው። ሞተሩ እየሠራ፣ መኪናው አራቱም ጎማው እኩል ከፍ ብሎ፣ የካምቢዮው ዘይት የታዘዘለት ሙቀት ላይ ሲደርስ ከሥር ያለው መፈተሻ ቡሎን ይከፈታል። ሙቀቱ ለብዙ ቶዮታዎች 40 ዲግሪ አካባቢ ነው። ዘይቱ በቀጭኑ ከወረደ ልኩ ደርሷል። ሙቀቱ ካለፈ ዘይቱ ስለሚያብጥ ከሚገባው በላይ ይፈስና ይጎድላል። ሳይደርስ ከተከፈተ ደግሞ ይበዛል። ሙቀቱን የሚያነብ ኮምፒውተርና መኪናውን ደልዳላ አድርጎ የሚያነሳ ሊፍት ከሌላችሁ ይህን ለጋራዥ ተዉት። ሲቪቲም እንደዚሁ።

ለእናንተ የቱ ይሆናል?

ያገለገለ ኮሮላ ወይም ያሪስ ገዝታችሁ፣ መለኪያ ካለውና ያለ ችግር የሚሄድ ከሆነ፣ አፍስሶ መሙላት። ገንዘቡ ባንድ ጊዜ ካልሞላ አሁን 3 ሊትር፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ሌላ 3 ሊትር። ከማሽኑ ጋር ሲነጻጸር ብዙም አላጣችሁም።

በራይድ ወይም በመሰል ሥራ ቀኑን ሙሉ ከተማ ውስጥ የምትሠሩ ከሆነ፣ አንዴ ኮፓው ወርዶ ፊልትሮው ይቀየር። ከዚያ በየ40,000 ኪሎ ሜትሩ አፍስሶ መሙላትን ልማድ አድርጉት። ይህ ቁጥር የእኔ ምክር ነው፤ መመሪያችሁ ከዚህ ቀድሞ ቀይሩ ካለ መመሪያውን ተከተሉ።

በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ በፕሪየስ የምትሠሩ ወገኖች ዕድለኞች ናችሁ። የፕሪየስ ካምቢዮ ቶርክ ኮንቨርተር ስለሌለው በአንድ ማፍሰስ ዘይቱ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ይወጣል። የሚወስደው ከ4 ሊትር ያነሰ ደብሊውኤስ ነው። መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ሆኖ ዘይቱ ከመሙያው ቀዳዳ አፍ እስኪደርስ መሙላት ብቻ ነው። መኪናው ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ ቁልፉ ይራቅ፤ ከፍተኛ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበትን ብርቱካናማ ሽቦ አትንኩ። ብዙ አፓርትመንቶች ግቢያቸው ውስጥ ጥገና ስለሚከለክሉ ግቢ ያለው ዘመድ ቤት መሄድ ይሻላል። አሮጌውን ዘይት አውቶዞንና ኦሬይሊ ሱቆች በነጻ ይቀበላሉ።

ቤት ለመሥራት ለቆረጠ

ደልዳላ ቦታ ፈልጉ። የኋላ ጎማው ላይ ታኮ አድርጉ። በክሪክ ብቻ በተነሳ መኪና ሥር ፈጽሞ አትግቡ፤ የሚሸከም የብረት ማቆሚያ ከሌላችሁ ሥራው ለዛሬ ይቅር። ዘይቱ ለብ ያለ ይሁን እንጂ የሚያቃጥል አይሁን።

መጀመሪያ መሙያው መከፈቱን አረጋግጡ። መለኪያ ባለው መኪና መሙያው ራሱ የመለኪያው ቱቦ ነው። መሙያው ቡሎን የሆነ መኪና ግን አለ፣ ቡሎኑም ዝጎ እምቢ ሊል ይችላል። ካፈሰሳችሁ በኋላ እምቢ ካለ መኪናው ባዶ ካምቢዮ ይዞ ቆመ ማለት ነው።

የማፍሰሻውን ቡሎንም ሁለት ጊዜ እዩት። የካምቢዮው መስሏቸው የሞተሩን ዘይት የሚያፈሱ ሰዎች ብዙ ናቸው። ከዚያ መኪናው ካምቢዮው ከልኩ በላይ ተሞልቶ፣ ሞተሩ ደግሞ ደርቆ ይነሳል።

የወጣውን ዘይት ልክ ያለው ጄሪካን ውስጥ አድርጋችሁ ለኩት። ቀለሙንም እዩ። ቡናማ መሆኑ ዕድሜ ነው። ነጣ ያለ ሮዝ ሆኖ ከደፈረሰ ግን የራዲያተሩ ውኃ ገብቶበታል፤ መኪናውን ሳታስነሱ መካኒክ ጥሩ። ደህና ከሆነ የማፍሰሻውን ቡሎን ቀለበት በአዲስ ተክታችሁ እሰሩትና የወጣውን ያህል አዲስ ዘይት አፉ በቀጠነ ኢምቡቶ ሙሉ።

ከዚያ ሞተሩን አስነሱ። ፍሬኑን ረግጣችሁ ማርሹን ከፒ እስከ መጨረሻው እያሳለፋችሁ፣ በእያንዳንዱ ላይ ጥቂት እየቆማችሁ መልሱት። ካምቢዮው በደንብ እንዲሞቅ ጥቂት ኪሎ ሜትር ንዱ። ተመልሳችሁ ደልዳላ ቦታ ላይ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ማርሹ ፒ ላይ ሆኖ መለኪያውን ጠርጋችሁ አንብቡ። ቶዮታ እንዲህ ነው። ሆንዳ ግን የሚለካው ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ወዲያው፣ በደቂቃ ተኩል ውስጥ ነው። ልኩ «ሙቅ» የሚለው ምልክት ውስጥ ከሆነ በቃ፤ ለጥንቃቄ ብላችሁ አትጨምሩ። የበዛ ዘይት አረፋ ይሠራል፣ አረፋ ደግሞ ማርሽ አይጨብጥም።

አሮጌው ዘይት ቱቦ ውስጥ ወይም ወንዝ ዳር አይደፋ። የአቃቂ ወንዝ የተሸከመው ይበቃዋል፤ ከታች በዚያ ውኃ አትክልት ያጠጣሉ። ክዳን ባለው ጄሪካን ወደ ሠፈራችሁ ጋራዥ ውሰዱት፤ የተቃጠለ ዘይት የሚያጠራቅሙ አሉ። በማግስቱ ጠዋት መኪናው ሥር ካርቶን አንጥፉና የሚንጠባጠብ ካለ እዩ። የቀየራችሁበትን ቀን፣ ኪሎ ሜትሩንና የዘይቱን ስም ጽፋችሁ ኮፋኖው ሥር ለጥፉት።